«ልጄ እስር ቤት ተቀምጦ ምን ሊጽፍ ነው?»

ባለፈው እትም ለአንድ አንባቢ ስመልስ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰሜን ካሊፎርኒያ በሚገኝ አንድ ማረሚያ ቤት ለታራሚዎች ጽሑፍ እንደማስተምር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልጠበቅኩትን ደብዳቤ አመጣችብኝ። ስለ ጤናና ስለ መኖሪያ ፈቃድ የጠየቃችሁ እስከሚቀጥለው እትም ታገሡኝ፤ የዛሬው ዓምድ ለታራሚዎች፣ ለቤተሰቦቻቸውና በእነርሱ እጅ ለተጎዱ ሰዎች ነው። ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ። «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። ልጄ በ21 ዓመቱ ሰው ገድሎ ተፈርዶበታል፤ ከታሰረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰሞኑን ሲደውል የጽሑፍ ክፍል ገብቻለሁ አለኝ። ሌላም ቡድን አለ፤ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ያጠፉትን ይነጋገራሉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ። አባቱ ለምን እንደ ተለየን፣ ሱዳን ሳለን ምን እንደ ደረሰብን፣ ሕፃን ሆኖ ማን ይመታው እንደ ነበር ይጠይቀኛል። ሁሉን ሊጽፈው ነው። እኔ ገመናችን በማያውቁን ሰዎች ፊት እንዲዘረጋ አልፈልግም። ጉዳዩ ተፈርዶ አልቋል፤ እንደገና አደረግሁ ብሎ መጻፉስ ነገ የአመክሮ ቦርድ ፊት ሲቀርብ አይጎዳውም? በዚያ ላይ ፊደል ላኪልኝ ይላል። መጽሐፍ ልኬለት ተመለሰብኝ። — እናት»

መልስ። እህቴ፣ ከሕጉ ልጀምርና ልገላገል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት አማርኛ ሳስተምር ነው። ይህን ያህል ግን አውቃለሁ። ልጅዎ ፍርድ ቤት ያለ ይግባኝ ወይም አቤቱታ ካለው፣ የድርጊቱን ዝርዝር ከመጻፉ በፊት ጠበቃውን ይጠይቅ። የክፍል ደብተር ይፈተሻል፣ ይነበባል። ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ካልሆነ በቀር ደብዳቤም ይከፈታል፣ የስልክ ንግግርም ይቀዳል። (ስልኩ ራሱ በካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤቶች ከ2023 ጀምሮ ያለ ክፍያ ነው፤ ሒሳብ በዛ ብለው ጨዋታውን አያሳጥሩበት።)

ስለ ቦርዱም ልንገርዎ። ልጅዎ ድርጊቱን ሲፈጽም ዕድሜው ከ26 በታች ስለ ነበር፣ ከተወሰኑ የፍርድ ዓይነቶች በስተቀር፣ ለወጣት ጥፋተኞች በተለየው የአመክሮ ችሎት የመታየት መብት አለው። ጊዜው እንደ ፍርዱ መጠን በ15ኛው፣ በ20ኛው ወይም በ25ኛው ዓመት ነው። ቦርዱ ጥፋትን ማመንን የመፈቻ ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርግ ሕጉ ይከለክለዋል። በሌላ በኩል የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የወንጀሉ ክብደት ብቻውን ለመከልከል አይበቃም፣ ሰውየው ዛሬ ለሕዝብ አደጋ ነው ወይ የሚለው ይታይ ብሎ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ የቦርዱ ኮሚሽነሮች አጥብቀው የሚጠይቁት ታራሚው ራሱን ምን ያህል እንደ መረመረ ነው። ያን ቀን ያን ነገር ለምን አደረግህ? ምን ፈልገህ ነበር? ዛሬ ያው ነገር ቢገጥምህ ምን ታደርጋለህ? የዚህ መልስ በቀጠሮው ዋዜማ አይገኝም። ጠበቃው ይቅርብህ ካላለው ይጻፍ።

እንዲጽፍ የምፈልገው ግን ለቦርዱ ብዬ አይደለም። ለቦርድ ብለው የሚጽፉትን ከሩቁ አውቃቸዋለሁ። «ጸጸት»፣ «ኃላፊነት»፣ «ለውጥ» የሚሉትን ቃላት እንደ ዳዊት ደግመዋቸው ይመጣሉ፤ ገጹን ገልብጬ ብፈልግ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት አላገኝም።

አንድ ቀን ግቢውን አቋርጠን ወደ ክፍል ስንሄድ የአደጋ ደወል ጮኸ። ደንቡ ደወል ሲጮህ ታራሚ ሁሉ ባለበት መሬት ላይ እንዲቀመጥ፣ እንግዳ ግን ቆሞ እንዲጠብቅ ነው። ዝናብ ዘንቦ ነበርና መሬቱ ጭቃ ነው። የተማሪዎቹን ጽሑፍ ይዞልኝ ይሄድ የነበረ ሽበታም ሰው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቶቹን ግን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟቸዋል። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልቀበልህ አልኩት፤ «ግዴለም» አለኝ፤ ዘበኞቹ እስኪፈቅዱ ድረስም እጁን አላወረደም። እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ ወረቀቶች አብዛኞቹ የሚረቡ አልነበሩም።

የመጀመሪያ ጽሑፋቸው አንድ ዓይነት ነው። ጥይት ይተኮሳል፣ የሚተኩስ ግን የለም። «ሁኔታው ከቁጥጥር ውጭ ሆነ» ይላል አንዱ፤ «በዚያ ምሽት አንድ ሕይወት ጠፋ» ይላል ሌላው። እኛ ዘንድ ሰይጣን የሚሠራውን እነርሱ ዘንድ ሁኔታ ይሠራዋል። እኔ ጠርዙ ላይ በቀይ «ማን?» ብዬ እመልሰዋለሁ። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና «ማን?»። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ክፍሉን ይተዋል። የቆየው ደግሞ አንድ ቀን «እኔ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰዋስው ነው፣ እሱ አይከብደኝም።

ሁለተኛው የቤት ሥራ መቁጠር ነው። በዚያ ቀን የተጎዳውን ሰው ሁሉ ጻፉ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ፦ ሟች። በሳምንቱ የሟች እናት ትጨመራለች። ከዚያ ጠዋት ወለሉን ያጠበው የሱቅ ሠራተኛ፣ አምቡላንሱን የነዳው፣ በመስኮት ታይ የነበረች የጎረቤት ልጅ። አንዱ ተማሪዬ ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ከሞላ በኋላ መጨረሻው ላይ የገዛ እናቱን ጻፈና ቀና ብሎ «እሷን ከተጎዱት ነው የምጽፋት ወይስ ከእኔ ወገን?» አለኝ። ሁለቱም ቦታ ጻፋት አልኩት።

እህቴ፣ ልጅዎ ስለ ሱዳን ሲጠይቅዎት ወደዚያ ዝርዝር ደርሶ ይሆናል። ያ ሌላው ቡድንም፣ እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ በሳን ኩዌንቲን ማረሚያ ቤት ሲሠራበት የቆየውንና ወደ ሌሎችም የተዛመተውን ሥርዓት የሚከተል ይመስለኛል። ታራሚዎቹ ዓመትና ከዚያ በላይ በየሳምንቱ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሕይወታቸውን ከልጅነት ጀምረው በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፤ የተበደሉትንም የበደሉትንም። ከዚያ ወንጀሉን ደቂቃ በደቂቃ ይጽፉታል፤ ጓደኞቻቸው ፊት ያነቡታል፤ ጓደኞቻቸውም የዘለሉትን ይይዙባቸዋል። በመጨረሻ በሌላ ወንጀል የተጎዱ ፈቃደኞች ከውጭ ይመጡና ፊት ለፊት ተቀምጠው የደረሰባቸውን ይነግሯቸዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ «አባቴ ይመታኝ ስለ ነበር ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። የልጅነቱ ነገር የሚጻፈው ሰውየው ከየት እንደ ተነሣ እንዲታይ ነው።

ስለ ገመናው ያሉት እውነት ነው፤ ታሪኩ የእርስዎም ስለ ሆነ ድንበር ማበጀት መብትዎ ነው። «ይህን ለራስህ እወቀው፣ ይህን ግን በክፍል አታንብብ፣ በጋዜጣም አታውጣ» ይበሉት። በደኅና ቡድን ውስጥ የተነገረ እዚያው እንዲቀር ቃል ይገባባሉ። ሱዳን የሆነውን ግን ይንገሩት። እናቱን ሳይጠይቅ ከራሱ ፈጥሮ ቢጽፍ ነበር የሚከፋው።

መጽሐፉ የተመለሰብዎት ከቤትዎ ስለ ላኩት ነው። ማረሚያ ቤቶች በአብዛኛው መጽሐፍ የሚቀበሉት ከአሳታሚ ወይም ከመጽሐፍ መደብር በቀጥታ ሲላክ ብቻ ነው። እስከዚያው በየደብዳቤዎ ግርጌ አንዳንድ መስመር ፊደል በእጅዎ ይጻፉለት፤ ዛሬ ሀ ሁ ሂ፣ በሚቀጥለው ለ ሉ ሊ። በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነብ እስኪገኝ ሊዘገይ ስለሚችል ቀሪውን በእንግሊዝኛ ያድርጉት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ አንድ ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የተረጎመው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር። ልጅዎ ከደብዳቤ ግርጌ ፊደል መቁጠር አያቅተውም።

ጥያቄ። «እንደ እናቴ ለማከብርዎት። የምጽፍልዎ ከሰሜን ሸዋ ነው። በ23 ዓመቴ በመሬት ወሰን በተነሣ ጠብ የጎረቤታችንን ልጅ በዱላ መትቼ ገደልኩ። ተፈርዶብኝ ታሰርኩ፤ አሁን በአመክሮ ወጥቻለሁ። ስገባ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነበርኩ፤ እዚያው ተምሬ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ። ማረሚያ ቤት ሳለሁ ለሟች እናት ደብዳቤ ጽፌ፣ ቀድጄ፣ ጽፌ፣ ቀድጄ አንዱ ቀርቷል። ስድስት ገጽ ነው። የእሳቸው ቤት ከቤታችን ማዶ ነው፤ እኔ ግን ደም ስላለብኝ ወደ ቀዬው አልገባም፣ ከተማ የቀን ሥራ እየሠራሁ ነው። ደብዳቤውን በሰው እጅ ልስደደው? የንስሐ አባቴ ሽማግሌ እንላክ ይላሉ። ቅጂውን ልኬልዎታለሁ፤ ያርሙልኝ።»

መልስ። ልጄ፣ ደብዳቤህን አንብቤ አርሜዋለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ገደልኩ» ብለህ ጀምረሃል። እዚህ አንዳንድ ተማሪዎቼ እዚያ ለመድረስ ዓመት ይፈጅባቸዋል።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ገጽ አውጣ። ስለ እስር ቤቱ ብርድ፣ ስለ ቁንጫው፣ ጠያቂ ሳይመጣልህ ስለ ዋልክበት ፋሲካ የጻፍከው ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ለእኔ ላክልኝ፣ ለሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። ልጃቸውን ለቀበሩ እናት ግን አንተ ስለ ገጠመህ ብርድ አይነገራቸውም። መጨረሻው ላይ «ይቅር ካላሉኝ መኖር አልችልም» ያልከውንም ሰርዝ። የልጃቸውን ሞት አሸክመሃቸው ሳለ አሁን ደግሞ ያንተን ሕይወት ጨምረህ ልታሸክማቸው ነው። ይህን ስል አዝኜልህ ነው፤ መኖር ያቃተህ ቀን ለንስሐ አባትህ ወይም ለሐኪም ንገር እንጂ ለእሳቸው አይደለም።

የቀረው አራት ገጽ ደኅና ነው፤ በሰው እጅ ግን አትስደደው። ማንበብ ይችላሉ? ካልቻሉ ማን ሊያነብላቸው ነው? የሟች ወንድም? ፖስታውን ያደርሳል ያልከው ሰውስ ከበሩ ላይ ምን ይጠብቀዋል? ደግሞም ያላሰቡትን ደብዳቤ አንድ ቀን ጠዋት ቤታቸው ድረስ መላክ፣ ምንም ቢያምር፣ ሳይጠየቁ መግባት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ያስተዋሉ ግዛቶች አሉ። በፔንሲልቬንያ፣ በሚኒሶታና በካሊፎርኒያ ታራሚ ለበደለው ሰው በቀጥታ አይጽፍም። ደብዳቤው የሚላከው ለተጎጂዎች ጉዳይ ወደ ተቋቋመ ቢሮ ነው፤ እዚያ ይመዘገባል፣ ይቀመጣል። ተበዳዩ ልቀበል ካላለ በቀር አይደርሰውም። ሳይጠየቁ የሚቀሩ ደብዳቤዎችም አሉ፤ ጸሐፊው ያን አውቆ ነው የሚጽፈው።

አንተ አገር ይህን የሚያደርጉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የንስሐ አባትህ ልክ ናቸው። ከእኔ ይልቅ ሥርዓቱን አንተ ታውቀዋለህ፦ ደም ሳይደርቅ የእስር ፍርድ ብቻ ሁለቱን ቤት አያስታርቅም፤ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ድንጋይ ተሸክሞ መውደቅ አለ፣ መሐላ አለ። የማልወደው ነገርም አለበት። «ለሽማግሌ እምቢ አይባልም» እየተባለ ያልፈለገ ሰው ይቅር በል ይባላል። ነገሩ የሚያልቀው በወንዶቹ መካከል ነው፤ ወንድሞች ይስማማሉ፣ አጎቶች ይስማማሉ፣ እናትየው ጓዳ ሆና የተስማሙበትን ትሰማለች። ስለዚህ ንስሐ አባትህን አንድ ነገር ለምንልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት እናትየውን ለብቻቸው፣ የራሳቸው ንስሐ አባት ወይም የሚያምኗት ሴት ባለችበት፣ የሚያነጋግር ሰው ይሂድ። «አይሆንም» ካሉ እዚያው ላይ ይቁም። ደብዳቤውን ለሽማግሌዎቹ አለቃ ስጠው፤ እናትየው «ምን ይላል?» ብለው ከጠየቁ ብቻ ይነበብ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 አመክሮ ለሚጠይቅ ታራሚ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን መፈጸምና ጠባይን ማሳመር ብቻ አይበቃም ይላል፤ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካስንም ይጨምራል። በስድስት ገጽ ውስጥ ስለ ካሣ አንድ ቃል አላየሁም። ያ ልጅ ለእናቱ ያርስ ነበር ብለሃል። ዛሬ መሬታቸውን ማን ያርሳል? በእኩል ሰጥተው ግማሽ እህል እየተቀበሉ ይሆን? ለጠቡ መነሻ የሆነው ወሰንስ የት ላይ ነው ያለው? አባትህ ወይም ወንድምህ አሁንም ያን ቁራሽ መሬት እያረሱት ከሆነ፣ ደብዳቤህን የሚያነበው ሰው በመስኮት ያየዋል። ከቀን ሥራህ የምታገኘው ትንሽ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዓመት የስንት ቀን የሞፈር ሥራ ልትከፍል እንደምትችል አስላና ለሽማግሌዎቹ በቁጥር ንገራቸው። ያን ከወሰንክ በኋላ አምስተኛ ገጽ ጨምር።

ጥያቄ። «ወንድሜ የተገደለው ነዳጅ ማደያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ ነው። ገዳዩ አሁን እስር ቤት ሆኖ ኮሌጅ ይማራል አሉኝ፤ በእኔ ግብር። እኔ የወንድሜን ልጆች ላሳድግ ብዬ ትምህርቴን አቋርጫለሁ። እርስዎ ደግሞ እዚያ ሄደው ድርሰት ያስተምሩታል። ለእኛስ ማን መጣልን?»

መልስ። እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። ይኸው ጥያቄ በ1994 የአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ፣ ታራሚዎች ፔል የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጎማ እንዳያገኙ ተከለከለ፤ በየማረሚያ ቤቱ የነበሩ ኮሌጆችም በብዛት ተዘጉ። ክልከላው እንዲነሣ የተወሰነው በ2020 መጨረሻ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለውም በሐምሌ 2023። ሕጉን ያስለወጠው ሒሳብ ነው። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በማረሚያ ቤት የተማሩ ሰዎች ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለትምህርት የወጣ አንድ ዶላርም በሦስት ዓመት ውስጥ ከአራት እስከ አምስት ዶላር የእስር ወጪ ያስቀራል። ይህ ቁጥር የሚያድነው ነገ ማታ ነዳጅ ማደያ ቆሞ የሚያድረውን ነው። ላንቺ ወንድም ምንም አያደርግለትም፤ ያደርግለታል ብዬ አልዋሽሽም።

«ለእኛስ ማን መጣልን?» ላልሽው ግን አንድ ታሪክ አለኝ። ዛሬ ተሃድሷዊ ፍትሕ የሚባለው ነገር፣ ማለትም በዳይና ተበዳይ ተገናኝተው ጉዳቱን የሚጠግኑበት መንገድ፣ በዘመናዊው ፍርድ ቤት ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ካለች ኤልማይራ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1974 ሁለት ሰካራም ወጣቶች በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ፤ ጎማ ቀደዱ፣ መስኮት ሰበሩ። ጉዳያቸውን የያዘው የአመክሮ ሠራተኛ ለዳኛው ልጆቹ የተጎዱትን ሰዎች ፊት ለፊት ቢያዩ አይሻልም ወይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛውም ተቀበለው። ሁለቱ ከቤት ቤት እየሄዱ በር አንኳኩ፤ ማን እንደ ሆኑ ተናገሩ፤ ምን ያህል እንደ ጠፋ ጠየቁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከፈሉ። ከዓመታት በኋላ አንደኛው፣ ረስ ኬሊ፣ ጎልማሳ ሆኖ ኮሌጅ ገብቶ ሲማር ስለ ተሃድሷዊ ፍትሕ አጀማመር በክፍል ሲነገር ሰማ፤ የሚነገረው ያንኑ ሌሊት ነበር። ኋላ እሱም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሠርቷል፣ ታሪኩንም በመጽሐፍ ጽፏል።

ታሪኩን ያነሣሁልሽ ነገሩ የተጀመረው ከተጎዱት በር እንደ ነበር እንድታዪው ነው። ዛሬ እኔ ባለሁበት ክፍል ሃያ ታራሚ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እንደ አንቺ ያለ ሰው የሚመጣው በዓመት አንድ ቀን ነው። ሥራው ወደ ጥፋተኛው አዘንብሏል፤ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼም እላቸዋለሁ፣ አይወዱልኝም።

አንቺ ማድረግ የምትችይው አለ፤ ማድረግ ግን ግዴታሽ አይደለም። እያንዳንዱ ግዛት ለወንጀል ተጎጂዎች የካሣ ፈንድ አለው፤ የመጀመሪያውን በ1965 ያቋቋመችው ካሊፎርኒያ ናት። የቀብር ወጪና የሥነ ልቦና ምክር ይሸፍናል፤ ጊዜ ገደብ ስላለው ቶሎ ጠይቂ። ሰውየው አመክሮ ሲጠይቅ እንዲነገርሽ ለመመዝገብ፣ በችሎቱም ቀርበሽ ለመናገር ወይም በጽሑፍ ለማቅረብ መብት አለሽ። አንድ ቀን ፊቱን አይቼ ልጠይቀው የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህን የሚያዘጋጁ ግዛቶች አሉ፤ ቴክሳስ ከ1993 ጀምሮ ታካሂደዋለች። እዚያ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከተጎጂው ወገን ነው፤ ገዳይ መጠየቅ አይችልም፤ ሁለቱም ወገን ለወራት ይዘጋጃሉ። ብትፈልጊ እሱ የሚሰጠውን መልስ ትሰሚያለሽ፤ ባትፈልጊ ደግሞ ማንም፣ ቄስም ይሁን እኔ፣ ይቅር በይ ሊልሽ አይገባም።

ለችሎቱ የምታቀርቢውን ለመጻፍ ሰው ከፈለግሽ በዚህ መጽሔት በኩል ላኪልኝ። እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ፤ በአማርኛ ጻፊው፣ አስተርጓሚ እንፈልጋለን። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው እንደ ሆነና ማታ ማታ ስለ አባታቸው ምን እንደሚጠይቁሽ ጻፊ። እሱን ማንም ኮሚሽነር ከመዝገቡ አያገኘውም።

ጥያቄ። «ሳክራሜንቶ የምኖር ሹፌር ነኝ። አገር ቤት ጥቂት ግጥም ጽፌአለሁ። እንደ እርስዎ በፈቃደኝነት ገብቼ ማስተማር ብፈልግ ይቻላል? ኮሌጅ አልጨረስኩም፤ ስለ ወንጀልም አላውቅም።»

መልስ። ይቻላል፣ ወንድሜ። ስለ ወንጀል ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ እነርሱ ያውቃሉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አንድ ሰው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ታራሚዎች በአንድ ክፍል አብረው ቢማሩስ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ፣ በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ መምህርት በ1997 ጀመረችው። ሁለቱም ወገን ያንኑ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ያንኑ ድርሰት ይጽፋሉ፣ አንድ ከውጭ አንድ ከውስጥ እየተፈራረቁ በክብ ይቀመጣሉ። እርስዎም አብረው ከጻፉ ይበቃል። የማይጽፍ መምህር ሲመጣ ታራሚዎቹ ቶሎ ያውቁበታል።

ጀማሪ ብቻውን አይገባም፤ ቀድሞ የሚሠራ ቡድን ይፈልጉና በእነርሱ በኩል ያመልክቱ። አሻራ ይሰጣሉ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያደርጋሉ፣ ሥልጠና ይቀመጣሉ። ለማንም ታራሚ ስልክ ቁጥርዎን አይስጡ፤ ማስቲካ እንኳ ቢሆን አይስጡ፤ ማንም ቢለምንዎ ደብዳቤ ይዘው አይውጡ፤ አንድ ጊዜ ከተገኘብዎት ክፍሉ በሙሉ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ቆጠራ ስላለ ትምህርቱን ከዚያ በፊት ይጨርሱ። ታራሚዎቹ የሚለብሱት ሰማያዊ ነውና ጂንስ ለብሰው ከሄዱ ከበር ይመልሱዎታል። ጥቁር ሱሪ ይልበሱ፣ መታወቂያዎን አይርሱ፣ ስልክዎን መኪና ውስጥ ይተዉት።